ስለ ግራንድ ትረንክ ሮድ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ከባንግላዴሽ ተነስቶ ሰሜን ሕንድን የሚያቋርጥ፣ ፓኪስታንን አልፎ አፍጋኒስታን ካቡል ድረስ የሚዘልቅ መንገድ አለ። ግራንድ ትረንክ ሮድ ይባላል። የአገሩ ሰው አሳጥሮ ጂቲ ሮድ ይለዋል። ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ መነኩሴው፣ ስደተኛው ሲመላለስበት ኖሯል። ዛሬም ሌት ተቀን የጭነት መኪና አያጣም። ስለዚህ መንገድ የሚወራው ብዙ ነው፤ ስህተቱም የዚያኑ ያህል። በተለይ የአንዱ ድካም ለሌላው ሲሰጥ በጣም ቅር ይለኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመታቱን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«መንገዱን የሠሩት እንግሊዞች ናቸው»

ስሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ እንዲህ የሚያስበው ሰው ብዙ ነው። እርግጥ የእንግሊዞቹ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ከካልካታ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ወዳለችው ፔሻዋር የሚወስደውን መንገድ በደንብ አድሶታል። ድልድይ ሠርቷል፣ ጠጠር አልብሷል። ጦሩን በፍጥነት ማንቀሳቀስ ይፈልግ ነበር። ግን የደረሰው ሰው ለዘመናት ሲረግጠው የኖረ መንገድ ላይ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ሜጋስቴንስ የሚባል የግሪክ መልእክተኛ በንጉሥ ቻንድራጉፕታ ማውርያ ግቢ ነበር። ከተማዋ ፓታሊፑትራ ትባል ነበር፤ የዛሬዋ ፓትና ናት። የንጉሡ ሹማምንት በየ10 ስታድዮኑ፣ ወደ 2 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ማለት ነው፣ መገንጠያውንና ርቀቱን የሚያሳይ ዓምድ ያቆሙ እንደነበር የእሱን ጽሑፍ ጠቅሶ የግሪኩ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን ነግሮናል። የመንገድ ምልክት ያኔም ነበር! የቻንድራጉፕታ የልጅ ልጅ አሾካ ደግሞ በመንገድ ዳር ለሰውና ለእንስሳት ጥላ የሚሆን የዋርካ ዘመድ የሆነውን ባንያን እንዳስተከለ፣ የውኃ ጉድጓድና ማረፊያ እንዳሠራ በድንጋይ ዓምድ ላይ አስቀርጿል።

«ሼር ሻህ ሱሪ ከባዶ ሠራው»

ይሄኛው ስህተት የሚበዛው እዚያው ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ነው። ሼር ሻህ ዴልሂ ላይ የነገሠው ከ1540 እስከ 1545፣ አምስት ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የዚህን ሁሉ ርዝመት መንገድ ከምንም ተነስቶ ሊሠራ አይችልም። ያደረገው ነገር ግን ትልቅ ነው። በዛሬዋ ዳካ አጠገብ ካለችው ከሶናርጋኦን እስከ ኢንዱስ ወንዝ ያለውን አስተካከለ፣ አገናኘ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገደኛው የሚያርፍበት ቦታ ሰጠው።

ሰራይ የሚባሉት የእንግዳ ማረፊያዎች በየሁለት ኮሱ ነበሩ። አንድ ኮስ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የታሪክ ጸሐፊው አባስ ካን ሳርዋኒ 1,700 ይደርሱ ነበር ይላል። ቁጥሩን ትንሽ አጋንኖት ሊሆን ይችላል፤ ስለ አሠራሩ የጻፈው ግን ልብ ይነካል። በሩ ላይ ማንም አላፊ አግዳሚ የሚጠጣው ውኃ በእንስራ ተሞልቶ ይቀመጣል። ሙስሊሙና ሂንዱው የየራሳቸው ማረፊያ አላቸው። ለሂንዱ እንግዶች ምግብ የሚያዘጋጁ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ የሚያቀርቡ ብራህሚኖች፣ ከሂንዱ የካህናት ወገን የሆኑ ሰዎች፣ ተመድበዋል። ለፈረስም እህል አለ። ግቢው መሐል ጉድጓድና በሸክላ ጡብ የተሠራ መስጊድ ይገኛል። በየሰራዩ ወሬ የሚያደርሱ ሁለት ፈረሶችም ይቆማሉ። መንገደኛ ከተዘረፈ ደግሞ የአካባቢው መንደር አለቃ ሌባውን ያመጣል፤ ካላመጣ ራሱ ይጠየቃል። እኔ ሼር ሻህን የማከብረው ከድንጋዩና ከአፈሩ ይልቅ በዚህ ነው።

«በመንገዱ ዳር የቆሙት ዓምዶች መቃብር ናቸው»

አይደሉም፣ የዘብ ማማም አይደሉም። ኮስ ሚናር ይባላሉ፤ በየኮሱ የቆሙ የርቀት ምልክቶች ናቸው። ሼር ሻህ ጀመራቸው፣ ከእሱ በኋላ ሕንድን የገዙት የሙጋል ነገሥታት ቀጠሉበት። ውስጣቸው ድፍን ስለሆነ በርም ደረጃም የላቸውም። አስፋልቱ ቦታ ስለቀየረ ዛሬ ብዙዎቹ እርሻ መሐል ብቻቸውን ቀርተዋል። አንዱ ዴልሂ የሚገኘው የአራዊት ማቆያ ግቢ ውስጥ ነው።

«ዛሬ በመንገዱ ዳር የሚበላው ያው የጥንቱ ምግብ ነው»

ከዴልሂ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ሙርታል ትደርሳላችሁ። ዳባ የሚባሉ የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ሰው የሚጎርፈው ለፓራታ ነው፦ ድንች በቅመም የተሞላ ቂጣ፣ ላዩ ላይ ነጭ ቅቤ፣ ጎኑ በወተት የፈላ ሻይ። ቆንጆ ምግብ ነው። ሼር ሻህ ግን ቢያየው ምን እንደሆነ አያውቀውም። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ የመጡት ከአሜሪካ ነው፤ ፖርቱጋሎች ሕንድ የደረሱት ገና በ1498 ነው። ሻይም በየመንገዱ ዳር የሚፈላ የሁሉም ሰው መጠጥ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ጥንታዊ ነገር የሚፈልግ ሰው ሳምቡሳን ይያዝ። ከመካከለኛው እስያና ከፋርስ በኩል የመጣ ነው። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂ በሱልጣኑ ማዕድ ላይ አይቶታል። ውስጡ የተከተፈ ሥጋ፣ አልሞንድ፣ ፒስታሽዮና ሽንኩርት እንጂ ድንች የሚባል አልነበረም።

ታንዱር የሚባለው የሸክላ ምድጃም የቆየ ነው። ታንዱሪ ዶሮን ዴልሂ ላይ ያስለመዱት ግን በ1947 አገሩ ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት ሲከፈል ከፔሻዋር የተሰደዱ ባለ ምግብ ቤቶች ናቸው። ያን ዓመት ሚሊዮኖች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል፣ በዚሁ መንገድም ብዙ ደም ፈሷል። ስለ ዶሮው ጣዕም ሲወራ ይሄም አብሮ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

«ሁሉም ምግብ በቃሪያ ያቃጥላል»

ፔሻዋር ናማክ ማንዲ ገበያ ውስጥ የበግ ሥጋ የሚበስለው በአብዛኛው በጨውና በራሱ ስብ ነው። እዚያው ከተማ ቻፕሊ ከባብ ቅመም ቢበዛበትም ጎልቶ የሚሰማው ድምብላልና የደረቀ የሮማን ፍሬ ነው። የተፈጨውን ሥጋ በመዳፍ ጠፍጥፈው ሰፊ መጥበሻ ላይ በሞራ ይጠብሱታል፤ ጠርዙ ይደርቃል፣ መሐሉ ይለሰልሳል።

«አምሪትሳር ላንጋር የሚበሉት ሲኮች ብቻ ናቸው»

በጭራሽ። ላንጋር በሕንዷ አምሪትሳር ከተማ፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች በሚሳለሙት ወርቃማው ቤተ መቅደስ ግቢ ሌት ተቀን የሚቀርብ ነጻ ምግብ ነው። ለማንም ይሰጣል፤ ሃይማኖትም አገርም አይጠየቅም። ጫማ ማውለቅ፣ ፀጉር መሸፈን፣ መሬት ላይ በሰልፍ መቀመጥ ነው። ቂጣውን በሁለት እጅ ይቀበሉታል። ሥጋ የለም። የወሰዱትን ማስተረፍ ግን ነውር ነው።

«መኪና ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ መንዳት ይቻላል»

ካርታው ላይ ቀላል ይመስላል። ከአምሪትሳር የፓኪስታኗ ላሆር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። መሐላቸው ያለው የአታሪና የዋጋ ድንበር ግን ሁለቱ አገሮች በተጣሉ ቁጥር ይዘጋል፤ ከፓኪስታን ወደ ካቡል የሚያስወጣው የአፍጋኒስታን ድንበር፣ ቶርካምም እንደዚያው። ስለዚህ መንገዱን ቆራርጦ መያዝ ይሻላል፦ የሕንዱን ክፍል አንድ ጊዜ፣ የፓኪስታኑን ሌላ ጊዜ።

ፓኪስታን ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከላሆር ወደ ኢስላማባድ የሚሄዱ ብዙ አውቶቡሶች በ1997 በተከፈተው ሞተርዌይ፣ በፈጣኑ መንገድ ነው የሚነዱት፤ እሱ ሌላ መንገድ ነው። ትኬት ስትቆርጡ በጂቲ ሮድ የሚያልፈውን ጠይቁ። በጉጅራንዋላና በጄለም በኩል ይወስዳችኋል፣ ከጄለምም ሼር ሻህ ያሠራው ሮህታስ ምሽግ ቅርብ ነው።