ማልደው የሚበሉ መኳንንት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለበዓለ ቁስቋም አደረሳችሁ። የጽጌው ወራት አለፈ። ሌሊቱን ማኅሌት የቆማችሁ፣ በፈቃዳችሁ የጾማችሁ፣ እመቤታችን ልጇን አዝላ በግብፅ በረሃ የተንከራተተችውን እያሰባችሁ ያለቀሳችሁ ሁሉ ዋጋችሁን አታጡም።

ስደቱ የተጀመረው በአንድ ጥያቄ ነበር። ሰብአ ሰገል መጥተው የተወለደው የአይሁድ ንጉሥ ወዴት ነው አሉ። ሄሮድስ ሰምቶ ደነገጠ፤ ወንጌላዊው ግን በዚህ አያቆምም፣ «ኢየሩሳሌምም ሁሉ ከእርሱ ጋር» ይላል (ማቴ. 2፥3)። ሄሮድስስ ዙፋኑ ነውና ይደንግጥ። ኢየሩሳሌም ምን አስደነገጣት? መሲሕን ስትጠብቅ የኖረች ከተማ አልነበረችምን? በሄሮድስ ጥላ ሥር የሚበላ፣ በሄሮድስ ስም የሚሾምና የሚሻር ብዙ ሰው ነበረባት። ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ሲወለድ እነዚያ ሁሉ ስለ እንጀራቸው ፈሩ። ከሚፈሩትም መካከል አንድም ሰው ተነሥቶ ከጠቢባኑ ጋር ወደ ቤተ ልሔም አልሄደም፤ መንገዱ ግን ቅርብ ነበር።

ይህን ያነሣሁት በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለች አንዲት አጥቢያ በበዓሉ ዕለት የሆነው ነገር እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው። ስሟን አልጠራም። ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላው ሠፈር ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በመቃኞ፣ በጊዜያዊ ጎጆ ማለት ነው፣ ስታገለግል ቆይታ አሁን ሕንፃ ተጀምሮላታል። የሠፈሩ ነባር ምእመናን አሉ፣ ከመሐል ከተማ ቤታቸው ፈርሶ የመጡ አሉ፣ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው የከተሙ አሉ። አስተዳዳሪ ሆነው የተመደቡት ካህን ወጣት ናቸው፤ በዕድሜ ለብዙዎቻችን ልጅ ይሆናሉ።

አንዱ ወገን ይመጣና «አባታችን፣ ቦታውን ያቆየነው እኛ ነን» ይላቸዋል። ሌላው ይመጣና «አባታችን፣ ብሩን የምናመጣው እኛ ነን» ይላል። ሁለቱም መስቀል ተሳልመው ይወጣሉ፤ ሁለቱም ከቅጥሩ ውጭ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባባሉ ያሟቸዋል። ለአንድ ሕንፃ ሁለት ዓይነት ደረሰኝ ታተመ። በቁስቋም ዕለት ቅዳሴው እንዳለቀ፣ ሕዝቡ ገና ሳይበተን፣ በሁለት ማይክሮፎን ሁለት የሚጣላ ማስታወቂያ ተነገረ። ካህኑ በመካከል አንገታቸውን ደፍተው ቆመው ነበር። ስለ ተሰደደው ሕፃን በተዘመረበት አፍ!

ከዚያ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጥቅስ ጠቀሱልኝ። የመክብብ ቃል ነው፦ «ንጉሥሽ ሕፃን የሆነ፥ መኳንንቶችሽም ማልደው የሚበሉ፥ አንቺ አገር ሆይ፥ ወዮልሽ!» (መክ. 10፥16)። ሽማግሌው የጠቀሱት እስከ «ሕፃን የሆነ» ድረስ ብቻ ነበር። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የምንጠቅሰው። ወጣት ሲሾም ግማሹን ቃል እንመዝዛለን፣ እኛን የሚነካውን ግማሽ ግን እንተወዋለን።

ልጅነት በራሱ ርግማን ቢሆን ኖሮ ኢዮስያስ በስምንት ዓመቱ ነግሦ እንዲያ ያለ ቅን ንጉሥ ባልሆነ ነበር። ሰሎሞንም ራሱ በእግዚአብሔር ፊት «እኔ ታናሽ ብላቴና ነኝ፣ መውጫና መግቢያውን አላውቅም» ብሎ በለመነ ጊዜ ልመናው ጌታን ደስ አሰኘው እንጂ አላስቆጣውም (1ነገ. 3፥7-10)። ወዮታው የሚከብደው በሁለተኛው ሐረግ ላይ ነው። ማለዳ የዳኝነት ሰዓት ነበር። ነቢዩ ኤርምያስ የዳዊትን ቤት «በማለዳ ፍርድን ፍረዱ» ይላል (ኤር. 21፥12)። በማለዳ ከማዕድ የተቀመጠ መኮንን እንግዲህ በደጁ የቆመውን ድሀ ትቶ ነው የሚበላው። ንጉሡ ሕፃን ስለሆነም «ተው» የሚለው የለም። ሕፃኑ ዙፋን ላይ የተቀመጠው እነሱ እንዲበሉ ነው፤ ሲያድግባቸው ደግሞ ይከፋቸዋል።

አሁን ከቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ ለዚህ ነገር እኔ የምወደውን ታሪክ ላንሣ። ጎቶልያ ልጇ የይሁዳ ንጉሥ አካዝያስ ሲሞት የመንግሥቱን ዘር ሁሉ ልታጠፋ ተነሣች፤ የገዛ የልጅ ልጆቿን ማለት ነው። ዮሳቤት ሕፃኑን ኢዮአስን ከሚገደሉት መካከል ሰርቃ ከሞግዚቱ ጋር ሸሸገችው፤ ስድስት ዓመትም በእግዚአብሔር ቤት ተሰውሮ ኖረ (2ነገ. 11፥1-3)። መጽሐፍ ስለ እነዚያ ስድስት ዓመታት ከዚህ ሌላ ምንም አይነግረንም። የዮሳቤት ባል ካህኑ ዮዳሄ በእጁ ያለውን ምስጢር አስቡት። «ንጉሡ እኔ ዘንድ ነው» የሚል አንድ ቃል ሹመትም፣ ወርቅም፣ ወገንም ያመጣለት ነበር። እሱ ግን ሕፃኑ እስኪጠና ዝም አለ። በሰባተኛው ዓመት የመቶ አለቆቹን ሰብስቦ በእግዚአብሔር ቤት ቃል ኪዳን አስገባቸው፣ ከዚያ በኋላ ልጁን አውጥቶ ዘውድ ጫነበት። መሐላው መቅደሙን ልብ በሉ፤ ሰዎቹ ሳይታሰሩ ሕፃኑን በመካከላቸው አላቆመውም።

የእግዚአብሔር ቤት ፈርሶ ነበርና ለማደስ ገንዘብ በተሰበሰበ ጊዜስ? ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ መክደኛውን ነደለው፣ በመሠዊያውም አጠገብ አኖረው (2ነገ. 12፥9)። አንድ ሣጥን ነው። በሞላም ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው መጥተው ይቆጥሩት ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሰው ለብቻው አይነካውም፣ የቤተ መቅደሱም ሰው ለብቻው አይነካውም። ሥራውን የሚያሠሩትም በታማኝነት ያደርጉ ነበርና ሒሳብ አልተጠየቁም ይላል። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባላት ሆይ፣ ይህን ምዕራፍ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ለእናንተ የተጻፈ ነው።

ዮዳሄ በ130 ዓመቱ ዐረፈ። ለእስራኤል በጎ ሠርቷልና ካህን ሆኖ ሳለ ከነገሥታት ጋር ቀበሩት። ከዚህ በኋላ ያለውን ሳነብ ልቤ ይሰበራል። ዮዳሄ ከሞተ በኋላ የይሁዳ አለቆች መጥተው ለንጉሡ ሰገዱ፣ ንጉሡም ሰማቸው (2ዜና 24፥17)። ሰይፍ መዝዘው ቢመጡ ኢዮአስ ያውቃቸው ነበር፣ በጎቶልያ ዘመን የሰይፍን ነገር በሕፃንነቱ ቀምሷልና። የመጡት ግን በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ዕድሜ ልኩን ዮዳሄ ሲመክረው የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ ታላቅ ነህ» ተባለ፣ ደስም አለው። የእግዚአብሔርን ቤት ትተው ጣዖት አመለኩ። የዮዳሄ ልጅ ዘካርያስ ቢገሥጻቸው በንጉሡ ትእዛዝ በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ በድንጋይ ወገሩት። ኢዮአስ ስድስት ዓመት በተሸሸገበት ቤት፣ የሸሸገውን ሰው ልጅ! ዘካርያስም ሲሞት «እግዚአብሔር ይየው፥ ይፈልገውም» አለ። ዓመቱ ዞሮ የሶርያ ጭፍራ መጣና እነዚያን አለቆች ፈጃቸው። ኢዮአስም በአልጋው ላይ በገዛ አገልጋዮቹ እጅ ሞተ፤ በነገሥታት መቃብርም አልቀበሩትም። ሕፃኑን ያሳደገው ካህን ከነገሥታት ጋር ተኝቷል፣ ንጉሡ ራሱ ግን ከዚያ ቦታ ተከለከለ።

ይህ በይሁዳ ብቻ አልቀረም። በአገራችንም ይህንኑ ስም የተሸከመ ሕፃን ነግሦ ነበር። በጎንደር ዳግማዊ አፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢዮአስ በሕፃንነቱ ዙፋን ላይ ተቀመጠ። አያቱ እቴጌ ምንትዋብ ቀድሞም ልጃቸው ኢያሱ በሕፃንነቱ ሲነግሥ አብረውት ዘውድ ጭነው ያስተዳደሩ ናቸው፤ አሁንም የልጅ ልጃቸውን ይዘው ተቀመጡ። የሕፃኑ እናት ውቢት ደግሞ የእኔ ነው አለች። ከአያቲቱ ጋር የቋራ ዘመዶቿ፣ ከእናቲቱ ጋር የየጁ ዘመዶቿ ግቢውን ሞሉት። አንዱ ወገን ሲሾም ሌላው ያኮርፋል፣ አንዱ ግዛት ሲያገኝ ሌላው ጦር ያስከትታል። ሁለቱን በመካከል የያዙት የእቴጌይቱ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል ሲሞቱ ነገሩ ፈረሰ፤ ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑል ከነሠራዊታቸው ተጠርተው ገቡ። ሊያስታርቁ የተጠሩት ሰው በ1761 ዓ.ም. ያንን ወጣት ንጉሥ አስገደሉት። በምትኩ ያነገሡት ሽማግሌም ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ፣ ከዚያም ሌላ ብላቴና ተቀመጠ። ዘመነ መሳፍንት የምንለው፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እስኪነግሡ ከ80 ዓመት በላይ አገሪቱን የበላው ዘመን፣ በዚህ በር ነው የገባው።

ጥፋቱን ለአንዱ ወገን ብቻ ሰጥተው የሚያወሩ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ቋራም የጁም ትግሬም በዚያ ግቢ ውስጥ ያደረገው ያው ነው፤ ሁሉም ሕፃኑን እወደዋለሁ እያለ ዘመዱን አስቀደመ። እኔን የሚያስለቅሰኝ ሌላ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ከተማ ዳር ቤተ ክርስቲያን አሳንጸው ቁስቋም አሏት። ከሄሮድስ የሸሸው ሕፃን በእናቱ እቅፍ ያረፈባትን ተራራ ስም ነው የሰጧት። በዓመት በዓመት ኅዳር 6 ያንን ሕፃን ያነግሡ ነበር፣ በግቢው ውስጥ ያለው ሕፃን ግን በሁለት ወገን እየተሳበ ነበር። እምነታቸውን አልጠራጠርም፤ እቴጌይቱ ለቤተ ክርስቲያን ያደረጉት ብዙ ነው። ሰው አጥብቆ እየጸለየ ወገኑን ማስቀደም እንደሚችል ግን ከእሳቸው እንማር። የእሳቸውም፣ የልጃቸውም፣ የልጅ ልጃቸውም አፅም በዚያው በቁስቋም ነው ያለው።

አፄ ምኒልክን በብላቴንነቱ ስለወረሰው ስለ ልጅ ኢያሱ ብዙ አልናገርም፤ ታሪኩ ቅርብ ነው፣ ቁስሉም ገና አልጠገገም። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ቀን ከሥልጣን ወረደ፤ በወሩ በጥቅምት 17 በሰገሌ ወንድም ከወንድሙ ተላለቀ። ከዚያ ቀደም የአፄ ምኒልክ ባለቤት እቴጌ ጣይቱ በግቢው የሥልጣን ትግል የራሳቸው ወገን ነበራቸው፣ ተሸነፉም። ከዚያ በኋላ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በጸሎት ተቀመጡ፣ እስከ ዕረፍታቸውም እዚያው ቆዩ። በአጥቢያችሁ ከኮሚቴ የወረዳችሁ፣ ተገፋን የምትሉ እናቶችና አባቶች ካላችሁ፣ የተገፋ ሰው የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። ሦስተኛ ወገን አታቋቁሙ።

ወደ አጥቢያችን ልመለስ። ለወጣቱ ካህን እንዲህ ማለት እፈልጋለሁ፦ አባታችን፣ አይዞዎት። በዕድሜ ማነስዎ አያፍሩ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ማንም ታናሽነትህን አይናቀው ብሎ ጽፎለታል (1ጢሞ. 4፥12)። ነገር ግን ኢዮአስን ያጠፋው የሰይፍ ፍርሃት እንዳልነበረ ያስቡ። ማታ ማታ የሚደውልልዎን፣ ‘ከእርስዎ ሌላ ማን አለን’ የሚልዎን ሰው ይጠንቀቁት። ዘካርያስን ያስጠጉ፤ ፊት ለፊት የሚገሥጽዎ አንድ ሽማግሌ ካለ በአጠገብዎ ያኑሩት፣ ቢያምዎትም አያርቁት።

እናንተ ሽማግሌዎች ደግሞ፣ እናንተን አልሸነግልም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ትላላችሁ፤ እጁ ገና ዱቄቱን ሳይነካ ከግራና ከቀኝ ሊጡን የምትቀሙት እናንተ ናችሁ። ካህኑ ቢወድቁ እናንተ ትጠየቁበታላችሁ። እንደ ዮዳሄ ሸሽጋችሁ አሳድጓቸው። በሕዝብ ፊት አታጋልጧቸው፣ ስሕተታቸውን በስልክ አትቀባበሉ፣ ማን ከየት መጣ የሚለውን ወሬ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አውጡ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በፊት ሁለቱንም ደረሰኝ፣ የተቆረጠውንም ያልተቆረጠውንም፣ በሰበካ ጉባኤው ፊት አምጡ፤ ሁለቱም ወገን ባለበት ይቆጠር፣ በአንድ ሒሳብ ይግባ፣ ድምሩም በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ማይክሮፎን ለሕዝቡ ይነገር። በበዓሉ ዕለት የተሰዳደባችሁም በየንስሐ አባቶቻችሁ በኩል ተገናኝታችሁ ይቅር ተባባሉ፤ ቂም ይዛችሁ ጾሙን አትጀምሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።