ሂሳዊና የፈጠራ አስተሳሰብ ምንድን ነው?

አንድ የማቻከል ገበሬ አለ እንበል። ስንዴ ዘርቷል። ማዳበሪያውን በጊዜ ገዝቷል፣ አረሙን ነቅሏል፣ ዝናቡም አልከዳውም። ስንዴው ግን ቀጭጮ ቀረ። ጎረቤት ምክንያት አያጣም። አንዱ «አያ፣ ማዳበሪያው ተበርዟል» ይለዋል። ሌላው «መሬቱ አርጅቷል» ይላል። ሦስተኛው «ዓመቱ ነው፣ ተወው» ብሎ ያልፈዋል።

ሂሳዊ አስተሳሰብ ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱን አንስቶ መሮጥ አይደለም። ሦስቱንም መናቅ አይደለም። «ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ሌላ ምን ማየት ነበረብኝ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ማዳበሪያው ተበርዞ ከሆነ፣ ከዚያው ጭነት የወሰዱት የታች ሰፈር ሰዎችም ምርት ማጣት ነበረባቸው። የእነሱ ስንዴ ግን ደህና ነው። ዓመቱ ከሆነ ደግሞ የሁሉም ማሳ መጎዳት ነበረበት። ያም አልሆነም። «መሬቱ አርጅቷል» የሚለው ወደ ነገሩ ይጠጋል። ችግሩ፣ ምን ማድረግ እንዳለብን አይነግረንም።

በጎጃም ደጋ፣ ጎዛምንና ማቻከልን ጨምሮ፣ ብዙ መሬት አሲዳማ ነው። ለዘመናት የወረደው ከባድ ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወስዶታል። ገለባው ለከብት ስለሚሰበሰብ ወደ አፈሩ የሚመለሰው ትንሽ ነው። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል)፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል። ፎስፈረሱም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ይተሳሰራል። ገበሬው ገንዘብ የከፈለበት ማዳበሪያ እዚያው አፈሩ ውስጥ አለ፣ ስንዴው ግን አያገኘውም። ለዚህ የታወቀው መፍትሔ ኖራ ነው።

ጥሩ አሳቢ ኖራንም ቢሆን በወሬ አይቀበልም። ማሳውን ለሁለት ይከፍላል። ግማሹን በኖራ ያክማል፣ ግማሹን እንዳለ ይተወዋል። ዘሩ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ አስተራረሱ አንድ። ሙሉውን ማሳ በኖራ አክሞ ምርቱ ቢጨምር፣ ኖራው ይሁን ዝናቡ በምን ያውቃል? ብዙ የተማረ ሰው ይህችን ትንሽ ነገር ሲዘላት አይቻለሁ። «ይህን መድኃኒት ወስጄ ዳንኩ» የሚለው ወሬ ሁሉ ያልታከመ ግማሽ ማሳ የለውም።

የፈጠራ አስተሳሰብ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ኖራው ሩቅ ቢሆንስ? ለአንድ ሄክታር በርካታ ኩንታል ያስፈልጋል። መኪና ለማይገባበት ቀበሌ ይህ ቀልድ አይደለም። እንግዲህ ምን አማራጭ አለ? ኖራውን በዘሩ መስመር ላይ ብቻ በጥቂቱ መጠቀም። አሲድ የሚችሉትን እንግዶ ወይም ድንች መዝራት። ኮምፖስት ማብላላት። ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ አንድ ጭነት ማስመጣት። የቱ እንደሚሻል ገና አልታወቀም፤ ለጊዜው የሚፈለገው አማራጭ ማብዛት ነው።

የሂሳዊ አስተሳሰብን ሐሳብ በትምህርት ዓለም ያስፋፋው አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 አንድን እምነት ከነማስረጃውና ከሚያስከትለው ውጤት ጋር አጥብቆ መመርመርን የትምህርት ዋና ግብ አድርጎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ 46 ባለሙያዎች መክረው ስድስት ክህሎቶችን ለዩ፦ መረዳት፣ መተንተን፣ መመዘን፣ መደምደም፣ ማስረዳትና ራስን ማረም። ለእኔ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። የፈጠራን ጥናት የቀሰቀሰው የሥነ ልቦና ምሁሩ ጊልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 ያደረገው ንግግር ነው። እሱ ወደ አንድ ትክክለኛ መልስ የሚያመራውን አስተሳሰብ ብዙ መልስ ከሚያፈልቀው ለየ።

በወረቀት ላይ ሂሳዊና የፈጠራ አስተሳሰብ የተለያዩ ናቸው። በኑሮ ግን አንዱ ያለ ሌላው ያነክሳል። ለዚህ ከአዊ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ፋግታ ለኮማ ወረዳ መሬቱ ደክሞ ነበር። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር መትከል ያዘ። ዘዴው ብልህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙና ጤፉ አንድ ማሳ ላይ ይበቅላሉ። ቀጥሎ ከዛፉ ሥር ሣር ይታጨዳል። በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ከዚያ መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል። ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚጨምር አፈሩም ያገግማል። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ተጫነ፣ ቆርቆሮ ቤት ተሠራበት፣ ልጅ ተማረበት። የገበሬ ፈጠራ የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ በሽታ ገባ። ዋግ መሰል ፈንገስ ዛፉን በሰፊው አደረቀው። ሁሉም ጎረቤት አንድ ዓይነት ዛፍ ነበረው። በሽታውም ከማሳ ማሳ ለመሻገር ምንም አላገደውም። «ይህ ዛፍ አንድ ቀን ቢታመም በምን እንኖራለን?» የሚለው ጥያቄ ሥራው ሲሞቅ ለማንም አይታየውም። በገበሬው ልፈርድ አልፈልግም። ባንኮችም፣ መንግሥታትም እንዲሁ ይሳሳታሉ። ገቢው ሲያድግ እንዲያውም ጥያቄውን የሚያነሳው ሰው ምቀኛ ይመስላል።

ለምን አይታየንም? አንድ ጨዋታ ልንገራችሁ። ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ሞክሩት።

«2፣ 4፣ 6 እኔ የያዝኩትን ሕግ ያሟላሉ። ሕጉን ለማወቅ የፈለጋችሁትን ሦስት ቁጥር ጥሩልኝ፣ እኔ አዎ ወይም አይደለም እላለሁ» በሉ። አብዛኛው ሰው 8፣ 10፣ 12 ይላል። አዎ። 20፣ 22፣ 24። አዎ። ከዚያ በእርግጠኝነት «ሁለት ሁለት መጨመር ነው» ይላል። ተሳስቷል። ሕጉ «ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄዱ ማናቸውም ሦስት ቁጥሮች» ነው። 1፣ 2፣ 3 ብሎ ቢሞክር ኖሮ ግምቱ ይፈርስለት ነበር። ፒተር ዌይሰን የተባለ ተመራማሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1960 አሳትሞታል። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች በመጀመሪያው ሙከራቸው ስተዋል። የሚያረጋግጥልንን እንጂ የሚያፈርስብንን አንፈልግም። ጎበዝ መሆን ብቻውን አያድንም። ጎበዝ ሰው ለተሳሳተ ሐሳቡ የተሻለ መከራከሪያ ያገኝለታልና።

ታዲያ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ዕውቀት ነው? ጎጃሜ እንዲህ ካለ የቅኔ ቤቱን ረስቷል።

ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ አገር ናቸው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ ማለፍ አይቻልም፤ ከራሱ አዲስ ማምጣት አለበት። ቅኔ ሊቆጥር፣ ማለትም ሊፈጥር፣ ብቻውን ዞር ይላል፣ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ያሰላስላል። ከዚያ ነገራ ይመጣል። የቆጠረውን ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ይናገራል። አገባቡ ይፈተሻል። ቤቱ መምታቱ ይታያል። ሰሙ ወርቁን ይሸከም እንደሆነ ይመረመራል። ካልሆነ ይታረማል ወይም ይጣላል። በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ ብቻን መፍጠር፣ ቀጥሎ በሰው ፊት መፈተሽ። ይህ ቅደም ተከተል ተራ ነገር አይደለም። በዘመናችን መሥሪያ ቤቶች ሰው ሰብስቦ «ሐሳብ አምጡ» ማለት ፋሽን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ግን ለየብቻቸው ያሰቡ ሰዎች ሐሳብ ሲደመር በቡድን ተቀምጠው ካሰቡት በልጦ ተገኝቷል። በስብሰባ ላይ አንዱ ሲያወራ ሌላው ይረሳል፣ ይፈራል ወይም ሰውየውን ይከተላል። የእኛ ስብሰባ ላይ ደግሞ ሊቀመንበሩ ከተናገረ በኋላ የሚናገር ሰው ምን እንደሚል እናውቀዋለን።

ለምርመራውም ቢሆን በላ ልበልሃ ነበረን። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው «ተጠየቅ» ይባባላሉ። የተጠየቀው መመለስ አለበት። ክርክሩ ሲጠና ይወራረዳሉ፤ አንዱ ማር፣ አንዱ በቅሎ ያስይዛል። ፌስቡክ ላይ ከመጻፍ በፊት በቅሎ አስይዝ ቢባል ስንቱ ዝም ይል ነበር!

ይህን ስል ግን ድሮ ሁሉ ነገር ነበረን ለማለት አይደለም። ቅኔ ቤቱ አገባቡንና ምሥጢሩን አጥብቆ ይመረምራል፣ ሥርዓቱን ራሱን ግን አይጠይቅም። ደግሞ የቅኔ ሊቅ መሆን የአፈር አሲድ አያሳውቅም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ሂሳዊ አስተሳሰብ አንዴ ተምረነው የትም የምናውለው ክህሎት አይደለም። ስለ ስንዴ በደንብ ለመጠየቅ ስለ ስንዴ ማወቅ ያስፈልጋል። «ሽምደዳ ይቅር፣ ማሰብ እናስተምር» የሚለው መፈክር ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ምንም የማያውቅ ልጅ የሚያስብበት ነገር የለውም። ቅኔ ቤቱ ራሱ ከቆጠራው ጎን ግሱን በደንብ ያስጠናል።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ፍሬሽማን ተማሪ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባል ኮርስ ይወስዳል። ደብረ ማርቆስም እንዲሁ ነው። ጥሩ ኮርስ ነው። ግን አሥራ ሁለት ዓመት «ትክክለኛውን ፊደል ክበብ» ሲባል የኖረ ልጅ በአንድ ሴሚስተር አይለወጥም። ሥራው ከታች ክፍልና ከቤት መጀመር አለበት።

ቤት ውስጥ የሚከብደው ነገር ጨዋነት ነው። ዝም የሚል ልጅ ጨዋ፣ የሚጠይቅ ልጅ ደፋር ይባላል። አክብሮቱን ማጥፋት አያስፈልግም። «አባባ፣ ይህን እንዴት አወቁት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ ብቻ አባት «ዝም በል!» ካላለ። እንዲያውም አባት ቀድሞ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል፣ አንተ የምሳሳትበትን አግኝልኝ» ቢል ልጁ ፈቃድ ያገኛል። እንቆቅልሽም አለን። ግን ልጁ «ምን አውቅልህ» ብሎ አገር ሰጥቶ እንዲገላገል አትቸኩሉ። አንድ ሦስት መልስ ይሞክር። ከእናንተ መልስ የተለየ፣ ግን ጥያቄውን የሚያሟላ ቢያመጣ ተቀበሉት።

ለአስተማሪ ደግሞ ወጪ የሌለው ልምምድ አለ። አንድ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ተማሪዎቹ ለአምስት ደቂቃ ሳይነጋገሩ፣ ለምን ለምን እንደሚያገለግል ለየብቻቸው ይጻፉ። በዚያ ሰዓት «አይሆንም» የሚባል ቃል የለም። ችግኝ ማፍያ፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ፣ ከበሮ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የሚመጣው ይምጣ። ከዚያ ወረቀቱ ይሰብሰብና ምርመራው ይጀመር። የቱ ይፈስሳል? የቱ በፀሐይ ይሰነጠቃል? ቀድሞ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ከሆነስ ዶሮዋ ምን ትሆናለች? የኋለኛውን ጥያቄ ማንም ካላነሳው አስተማሪው ያንሳው። ከተረፉት ሐሳቦች አንዱን መርጠው በሳምንቱ ሠርተው ይምጡ፣ የተበላሸውንም ይዘው ይምጡ። ማርክ የሚሰጠው የት ላይ እንደተበላሸና ለምን እንደሆነ ለሚያስረዳው ነው።