ቢራቢሮን፣ የእሳት ራትንና ጥንዚዛን በዱር ዕፅዋት መካከል መመልከት

ይህ ነፍሳትን ባሉበት ተክል ላይ፣ ኑሯቸውን ሳይረብሹ የማየትና የመመዝገብ ልማድ ነው። ለአንዳንዱ መዝናኛ ነው፣ ለአንዳንዱ ሳይንስ፤ ለብዙዎቹ ግን ሁለቱንም ነው። ስም የወጣላቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች ብቻ ወደ 400,000 ይጠጋሉ። ቢራቢሮና የእሳት ራት ተደምረው 160,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ከነዚህ ውስጥ ቢራቢሮዎቹ 18,000 ያህል ናቸው። የተቀረው ሁሉ የእሳት ራት ነው። የሚጻፈውና የሚሳለው ግን አብዛኛው ስለ ቢራቢሮ ነው። ቀን ይበራል፣ ያምራል፣ በቃ።

ነፍሳት የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ተክሉን ማወቅ አለበት። አባጨጓሬ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም። ብዙው ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ፣ አንዳንዱም ከአንድ ተክል ውጭ ሌላ ንክች አያደርግም። ሞናርክ የሚባለው የአሜሪካ ቢራቢሮ እንቁላሉን የሚጥለው ሲቆረጡ ነጭ ወተት በሚያወጡት የአስክለፒያስ ተክሎች ላይ ነው። አባጨጓሬው የተክሉን መርዝ በሰውነቱ ያከማቻል፣ መርዙም ካደገ በኋላ አብሮት ይዘልቃል። ሳማን ሰው ሁሉ ይሸሻል። ፒኮክ የተባለው የአውሮፓ ቢራቢሮ ግን ልጆቹን የሚያሳድገው በሳማ ነው። ሳማው ከታጨደ ቢራቢሮውም የለም።

ስለዚህ ልምድ ያለው ተመልካች ወደ ሰማይ አያንጋጥጥም፤ ቅጠል ያያል። ጠርዙ ከተጎመደ ብዙ ጊዜ አባጨጓሬ ነው። መሀሉ ላይ በትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ከተበሳሳ ትንንሽ ዘላይ ጥንዚዛዎችን መጠርጠር ይቻላል። ከታች ያለው ቅጠል ላይ ጥቃቅን ጥቁር ኩስ ከተንጠባጠበ የበላው ከላይ አለ ማለት ነው። ከዚያ ቅጠሉን ቀስ ብሎ ገልበጥ ማድረግ ነው። ባለፀጉር አባጨጓሬ በባዶ እጅ አይነካም፤ የአንዳንዱ ፀጉር ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽርና ደብተር ከያዙ ለመጀመር ይበቃል።

ጥንዚዛ ሌላ ትዕግስት ይፈልጋል። እንደ ዣንጥላ የተዘረጉ ጠፍጣፋ አበባዎች ላይ ቀትር ላይ ይሰበሰባል፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይራከባል። ከአበባው ይልቅ ግን የሞተ እንጨት ይበልጥ ሀብታም ነው። አበባ ላይ ለጥቂት ሳምንት የሚታይ ጥንዚዛ በእጭነቱ ዘመን ዓመታትን በበሰበሰ ግንድ ውስጥ አሳልፎ ሊሆን ይችላል። ግንድ ያገላበጠ ሰው መልሶ እንደነበረ ማስቀመጥ አለበት፤ ይህ በተመልካቾች ዘንድ ለድርድር አይቀርብም። ሊበር ሲል ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ጠንካራዎቹን የላይ ክንፎች ይከፍታል፣ ከሥራቸው ታጥፈው የተቀመጡትን ስስ ክንፎች ይዘረጋል፣ ትንሽ ያመነታል፣ ይነሳል።

የማታው ሥራ ነጭ አንሶላና መብራት ነው። ጨረቃ በሌለበት፣ ነፋስ በሌለው ሞቃት ሌሊት አንሶላው ይሞላል። የእሳት ራት መብራትን በጨረቃ ተሳስቶ ነው የሚከተለው ሲባል ኖሯል። በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣ ጥናት ግን በፈጣን ካሜራ አይቶ ሌላ ምክንያት አቀረበ፦ በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ፤ ብርሃኑ ከሰማይ መሆኑ ቀርቶ ከጎን ሲመጣ መላው ይጠፋቸውና ይዞራሉ።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ አርስቶትል ከአባጨጓሬ ቢራቢሮ እንደሚወጣ ጽፏል። ከእሱ በኋላ ባሉት ረጅም ዘመናት ብዙ ሰው ነፍሳት ከጭቃና ከብስባሽ ይፈጠራሉ ብሎ ያምን ነበር።

ነገሩን የቀየረችው ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ናት። በ1647 ፍራንክፈርት ተወለደች፤ በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማሳደግ ጀመረች። በ1679 ባወጣችው ሥራ እንቁላሉን፣ አባጨጓሬውን፣ ፑፓውን (አባጨጓሬው ተሸፍኖ የሚለወጥበትን ደረጃ) እና ክንፍ ያወጣውን ነፍሳት ከሚመገበው ተክል ጋር በአንድ ገጽ ሣለች። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ሰብሳቢዎች የሚያውቁት በመርፌ የተሰካ ሬሳ ነበር። በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ሴት ልጇን ይዛ ደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ሱሪናም ተሻገረች፤ በ1701 ታማ ተመለሰች። በ1705 ያሳተመችው ሥራ 60 ሥዕሎች አሉት። ነፍሳቱን ያመጡላትና ስለ ተክሎቹ የነገሯት በባርነት የነበሩ አፍሪካውያንና የአገሬው ተወላጆች ናቸው። ይህን ራሷ ጽፋለች፤ ስማቸውን ግን አላቆየችልንም። ሌሊት ታበራለች ያለቻት ነፍሳት እንደማታበራ ይታወቃል፤ እሱ ስህተት ነው። ወፍ የሚበላ ሸረሪት በመሣሏም ተዘልፋለች። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሄንሪ ቤትስ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አማዞን ላይ ያንኑ አይቶ ጻፈ። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ሊኒየስም በ1758 ለዝርያዎች ስም ሲሰጥ የእሷን ሥዕሎች ጠቅሷል።

ቻርልስ ዳርዊን በተማሪነቱ የለየለት የጥንዚዛ ሱሰኛ ነበር። ሁለት በሁለት እጁ ይዞ ሦስተኛ ሲያይ አንዱን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ጥንዚዛዋም የሚያቃጥል ፈሳሽ ለቀቀችበት። በ1862 ደግሞ የማር ቱቦዋ ወደ 30 ሳንቲሜትር የሚረዝም የማዳጋስካር ኦርኪድ አይቶ፣ እስከዚያ የሚደርስ ምላስ ያለው የእሳት ራት መኖር አለበት አለ። የእሳት ራቱ በ1903 ተገኘ። ዳርዊን ከሞተ 21 ዓመት ሆኖት ነበር።

ቆጠራ በሥርዓት የተጀመረው በብሪታንያ ነው። በ1976 በፖላርድ ዘዴ አገር አቀፍ የቢራቢሮ ክትትል ተጀመረ። ቆጣሪው ከሚያዝያ እስከ መስከረም በየሳምንቱ አንድ የተወሰነ መንገድ ይሄዳል። ከግራና ቀኙ 2.5 ሜትር፣ ከፊቱ 5 ሜትር ውስጥ ያለውን ብቻ ይቆጥራል። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ አይቆጠርም። ሥራው አሰልቺ ነው። አብዛኞቹ ቆጣሪዎችም ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ስለ ነጠብጣባሙ የእሳት ራት ክርክር አለ። የፋብሪካ ጥቀርሻ ዛፉን ሲያጠቁረው ጥቁሩ ዓይነት በዛ፤ ምክንያቱም ወፎች ነጩን ቶሎ ያዩታል ይባላል። ተመራማሪው በርናርድ ኬትልዌል በ1950ዎቹ ያደረገው ሙከራ ራቶቹን ግንድ ላይ አስቀምጦ ስለነበር ተተችቷል። ማይክል ማጀረስ ሙከራውን በጥንቃቄ ለስድስት ዓመት ደገመው፤ በ2012 የታተመው ውጤቱ የወፎቹን ማብራሪያ የሚደግፍ ነው።

የጀርመኑ የክሬፌልድ የነፍሳት አጥኚዎች ማኅበር ጉዳይም ያነጋግራል። በ2017 በታተመው ጥናት መሠረት በ63 የተጠበቁ ሥፍራዎች የበራሪ ነፍሳት ክብደት በ27 ዓመት ከ75 በመቶ በላይ ቀንሷል። አብዛኞቹ ሥፍራዎች የተለኩት አንዴ ብቻ ነው የሚል ትችት ቀርቧል፤ ትችቱ ውሃ ያነሳል። ቢሆንም መረጃውን ለዓመታት የሰበሰቡት በአብዛኛው አማተሮች ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ የሚከራከሩበትም ነገር አይኖርም ነበር።

ከ2008 ጀምሮ እንደ ኢናቹራሊስት ባሉ የኢንተርኔት መድረኮች ፎቶ መላክና ስም ማግኘት ተችሏል። ለቢራቢሮ ጥሩ ይሠራል። ለብዙ ጥንዚዛዎች ግን ፎቶ አይበቃም። የአንዳንዶቹ ዝርያ የሚለየው የወንዱ ብልት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ ስለሆነ፣ ጠንቃቃ ተመልካች የወገኑን (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ስብስቡን) ስም ጽፎ እዚያው ያቆማል።