በእጅ የተማሩትን በጆሮ፦ ተሻጋሪ የስሜት ልምምድ ምንድን ነው?

በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤት ዓይነ ስውር የኔታ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ተማሪዎቹ ተራ ገብተው ቅኔያቸውን ሲነግሩ የኔታ ተናጋሪውን በድምፁ ይለዩታል፤ ጠብቃ መነበብ ያለባት ፊደል ላልታ ካለፈች እዚያው ላይ «እስቲ ድገመው» ይሉታል። አገሬው ታዲያ «እግዜር ዓይን ቢነሳቸው ጆሮ ጨመረላቸው» ይላል። በመጨመሩ አልከራከርም፤ ግን ከዓይን መጥፋቱ ይልቅ ለዓመታት በጆሮ ሲማሩና ሲያስተምሩ መኖራቸው የበለጠውን የሠራ ይመስለኛል። ዓይናማውም ተማሪ ማታ በጨለማ ቃሉን ሲያጠና ያው ጆሮው ይሳላል።

ይህ ግን ገና ሽግግር አይደለም፤ ጆሮ በጆሮ ሥራ ቢበረታ ምን ይገርማል? ተሻጋሪ ልምምድ የሚባለው በአንዱ የስሜት ሕዋስ የተማርነው ባልተለማመደው በሌላው ሲገኝ ነው።

በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ በሰዎች እጅ ላይ ሁለት ንዝረት እያከታተሉ፣ በመካከላቸው ያለችውን ከሰከንድ እጅግ ያነሰች ክፍተት እንዲለዩ አለማመዷቸው። ሰዎቹ እየተሻሻሉ ሄዱ። የሚገርመው፣ ያልሠለጠነው ሌላው እጃቸውም ተሻሻለ፤ አልፎ ተርፎም በጆሮ የሚሰሙትን የድምፅ ክፍተት መለየት ቀለላቸው። ይሁንና መሻሻሉ የታየው ለተለማመዷት የጊዜ ርዝመት ነው እንጂ ለሌላ ርዝመት አልሆነም።

ስለዚህ የተሻገረው የቆዳው ንቃት ሳይሆን የጊዜ ልኬቱ ነው። ዝማሜ የሚማር ሰው መቋሚያውን ከዜማው ጋር ሲያነሣና ሲጥል፣ ከበሮ የሚመታውም በመዳፉ ምቱን ሲሰማ፣ እጅና ጆሮ የሚካፈሉት ይህንኑ ጊዜ ነው። ጥናቱ በአቋቋም ቤት አልተሠራም፤ መሪጌታ ቢሰሙት ግን ብዙ የሚደነቁ አይመስለኝም። ሁለቱ ስሜቶች የሚጋሩት ነገር በሌለበት ሽግግር መጠበቅ ከንቱ ነው። ቀለም መለየት የተለማመደ ዓይን ለምላስ የሚያወርሰው የለም፤ «ይህን የስልክ ጨዋታ ተጫወት፣ ስሜትህ ሁሉ ይሳላል» የሚል ማስታወቂያም ከዚህ አያመልጥም።

ወደ አንጎል ስንገባ ነገሩ ይጠልቃል። በ1996 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ዓይነ ስውራን ብሬል የተባለውን በነጥብ የሚጻፍ ጽሑፍ በጣታቸው ሲያነቡ ለማየት የተመደበው የአንጎል የኋላ ክፍል ይሠራል። በዓመቱ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንን ክፍል በመግነጢስ ምት ለቅጽበት ሲያውኩት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የማያዩት አንባቢዎች ተሳሳቱ። የግድ ዓይን መጥፋት አለበት እንዳይባል ደግሞ፣ በፖላንድ 29 የሚያዩ ሰዎች ለ9 ወር ብሬል በጣት ተምረው፣ የታተመ ቃል ስናይ የሚሠራው የአንጎላቸው ክፍል በጣት ንባብም ሲሠራ ተገኝቷል።

ሽግግሩ ግን በነፃ አይመጣም። በ1688 ዊልያም ሞሊኒዩ የተባለ አየርላንዳዊ ለፈላስፋው ጆን ሎክ አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው ኳስና ኩብ በእጁ ለይቶ ቢያውቅ፣ ዓይኑ በበራ ዕለት በማየት ብቻ ይለያቸዋል? መልሱ በሙከራ የተገኘው በ2011 ነው። በህንድ ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 5 ልጆች በቀዶ ሕክምና ዓይናቸው ከበራ በኋላ፣ በእጃቸው የዳሰሱትን ቅርጽ ከሌላው ለይተው እንዲያዩት ሲጠየቁ በግምት ከመምታት እምብዛም አላለፉም። ዓይንና እጃቸው አብረው መሥራት ከጀመሩ በኋላ ግን፣ ማንም ሳያሠለጥናቸው፣ በቀናት ውስጥ ማዛመዱን ያዙት።