ያለመከሰስ መብት ምንድን ነው? ሒሳቡ መውጫው ላይ ነው

«ያለመከሰስ መብት ስላላቸው ከሥልጣን ቢወርዱም አይነኩም።» ይህ አባባል ከሬዲዮ የፖለቲካ ትንተና ወጥቶ፣ ከገላን እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉ ሻይ ቤቶች እንደ ሕግ እየተጠቀሰ ነው። ስለ የትኛውም አገር መሪ ይባል፣ ስህተቱ አንድ ነው፤ ለጊዜው የተሰጠን ጥበቃ የዕድሜ ልክ ማድረግ።

የስህተቱ በር «መብት» የሚለው ቃል ይመስለኛል። መብት ሲባል ሰውየው ይዞት የሚዞር፣ የእሱ የሆነ ነገር ይመስላል። ይሄኛው ግን የወንበሩ ነው። የእኛን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 እንመልከት። ንዑስ አንቀጽ 5 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ስለሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ ይደነግጋል። ይህ ወንበሩን ከለቀቀም በኋላ የሚከተለው ጥበቃ ነው፤ አለዚያ ነገ እከሰሳለሁ ብሎ ዛሬ አይናገርም። ንዑስ አንቀጽ 6 ሌላ ነው። አባሉ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም ይላል። ይህ የሥነ ሥርዓት አጥር ነው። ምክር ቤቱ ከፈቀደ ይነሳል፤ አባልነቱ ካበቃም አብሮ ያበቃል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚህ አጥር ውስጥ የሚገኙት ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ስለሚመረጡ ነው። ሁለቱን ንዑስ አንቀጾች አንድ አድርጎ የሚያወራ ሰው የቀረውን ሁሉ ይሳሳታል።

ለዚህ የሚሻል ምሳሌ ቱሉ ዲምቱ ላይ አለ። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ላይ ሾፌሩ ካርድ ይቀበላል። መንገዱ መሐል ላይ ሒሳብ የሚጠይቀው የለም። ይህ ማለት ግን በነፃ እየሄደ ነው ማለት አይደለም፤ የሄደበት ርቀት ይቆጠራል፣ ክፍያውም ሲወጣ ነው። ዱከም ቢወጣ፣ ሞጆ ቢወጣ፣ አዳማ ቢደርስ፣ የሚነበበው ያው ካርድ ነው። የሥልጣን ጥበቃም በመንገዱ ላይ ሳሉ አለመጠየቅ ነው። የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 67 ፕሬዚዳንቱ በሥልጣን ላይ ሳሉ እንዳይከሰሱ ያደርጋል፤ ነገር ግን ይርጋው፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደቡ፣ እንዲቆም ያዝና ከወረዱ 1 ወር በኋላ ክሱ ይቀጥላል። የኬንያው አንቀጽ 143ም በሥልጣን ላይ ያለፈው ዘመን ለይርጋ እንዳይቆጠር ያዛል። በሥልጣን ላይ ጊዜ ገዝቶ ወንጀልን ማስረጀት በእነዚህ አገሮች አይሠራም።

ታዲያ የተከበበ መሪ ምን አማራጭ አለው? የመጀመሪያው አለመውጣት ነው፤ ነዳጅ እስካለ ድረስ። ብዙዎች ሕገ መንግሥት አሻሽለው የሥልጣን ዘመን የሚያራዝሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ፍርሃት መሆኑን መካድ አይቻልም።

ሁለተኛው ከአንዱ ጥበቃ ወደ ሌላው መሸጋገር ነው። የቺሊው ፒኖቼ እ.ኤ.አ. በ1998 የጦር አዛዥነታቸውን ለቀው የዕድሜ ልክ ሴናተር ሆኑ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ለንደን ውስጥ ተያዙ፤ በ2000 ደግሞ የገዛ አገራቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥበቃቸውን አነሳው። በ2006 የሞቱት ሳይፈረድባቸው ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ጨርሶ አይሠራም ማለትም ስህተት ነው። የኮንጎው ጆሴፍ ካቢላም የዕድሜ ልክ ሴናተር ነበሩ። በግንቦት 2025 ሴኔቱ ጥበቃቸውን አነሳ፤ በመስከረም ወታደራዊ ፍርድ ቤት በሌሉበት ሞት ፈረደባቸው። በምክር ቤት ድምፅ የሚነሳ ጥበቃ ዋጋው የሚለካው በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ባለው ወዳጅ ብዛት ነው።

ሦስተኛው ላይ ነው የተንታኙ ስህተት የሚብሰው። «ተተኪያቸው ምሕረት ያደርጉላቸዋል፤ ኒክሰን እንደተደረገላቸው» ይላሉ። ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የተሰጠው ይቅርታ እንጂ ምሕረት አይደለም፤ ልዩነቱን ወረድ ብለን እናየዋለን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1974 ሥልጣን ለቀቁ፤ ተተኪያቸው ጄራልድ ፎርድ በ1 ወር ውስጥ፣ ክስ ሳይመሠረት፣ በሥልጣን ዘመናቸው ለፈጸሙት ወይም ፈጽመውት ሊሆን ለሚችል የፌዴራል ወንጀል ሁሉ ይቅርታ ሰጧቸው። የክፍለ ግዛት ወንጀል ቢሆን ኖሮ ያ ፊርማ አይሸፍነውም ነበር። ለራስ ይቅርታ መስጠትን በተመለከተ ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪ ክፍል ኒክሰን ከመልቀቃቸው ከ4 ቀን በፊት፣ ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም በሚለው መርህ፣ አይቻልም የሚል አስተያየት ጽፎ ነበር። አስተያየት ነው፤ ፍርድ አይደለም።

ወደ እኛ ሕግ ሲመጡ ክስ ሳይመሠረት ይቅርታ የማግኘት መንገድ ከነጭራሹ የለም። ይቅርታ የሚሰጠው የመጨረሻ ፍርድ ላገኘ ሰው ነው፤ አዋጅ ቁጥር 840/2006ን ማየት ይበቃል። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 229 መሠረት ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀላል፤ ጥፋተኝነቱ ግን ከመዝገብ አይፋቅም። ምሕረት፣ አንቀጽ 230፣ ጥፋቱን እንዳልነበረ ያደርገዋል። ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንመለስ፣ ይቅርታ ሌላ ሰው መውጫው ላይ ሒሳቡን ሲዘጋልህ ነው፤ የሄድክበት ተመዝግቦ ይቀራል። ምሕረት ደግሞ ጉዞው ራሱ ከመዝገብ ሲሰረዝ ነው። ሦስተኛም አለ፣ ክስ ማቋረጥ። እዚህ ካርዱ ሳይነበብ ማለፊያው ተከፈተ እንጂ የተሰረዘ ነገር የለም፤ በሥነ ሥርዓት ሕጋችን የተቋረጠ ክስ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚከለክል የለምና። በ2010 ዓ.ም. ፖለቲከኞች ሲፈቱ ሦስቱም መንገዶች ሥራ ላይ ውለዋል፤ አንዳንዱ ክሱ ተቋርጦ፣ አንዳንዱ በይቅርታ፣ በኋላም የምሕረት አዋጅ ወጥቶ። በወሬው ግን ሁሉም «ምሕረት» ተባለ። ለተፈታው ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ነገ ተመልሶ ሊከሰስ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው።

የምሳሌው ልክ እዚህ ጋ ያበቃል። የመንገዱ ታሪፍ ሾፌሩ ማንም ይሁን ማን አይለወጥም፤ ዐቃቤ ሕግ ግን መክሰስ አለመክሰሱን ያመዛዝናል፣ የሚያመዛዝነውም ከአዲሱ መንግሥት ጋር እየኖረ ነው።

አራተኛው የመሪው አማራጭ ስደት ነው፤ መኪናውን ጥሎ አጥሩን መዝለል። ይህ በሕግ ጥበቃ አይደለም፤ የአስተናጋጁ አገር ፈቃድ ነው። የላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2003 ናይጄሪያ ገቡ፣ በ2006 ተያዙ፣ በ2012 50 ዓመት ተፈረደባቸው። የቻዱ ሂሴን ሀብሬ በታኅሣሥ 1990 ሸሽተው ሴኔጋል ተቀመጡ፤ እዚያው ዳካር በግንቦት 2016 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ። እዚህ ላይ «የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችን ይጠብቃል» የሚሉም አሉ። የአፍሪካን ፍርድ ቤት የሚመለከተው የኅብረቱ ስምምነት፣ የ2014ቱ የማላቦ ፕሮቶኮል፣ ጥበቃ የሚሰጠው በሥልጣን ላይ ላሉት ነው፤ እሱም ሥራ ላይ አልዋለም። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በየካቲት 2002 በኮንጎና ቤልጅየም ጉዳይ የጠበቀው በሥራ ላይ ያለን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው፤ ከሥራ ሲወርድ በሌላ አገር ፍርድ ቤት ሊጠየቅ የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ራሱ ዘርዝሯል።

የራሳችን ጉዳይም አለ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። በታኅሣሥ 1999 በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ፤ በጥር ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠቻቸውም። «ጊዜው ረዘመ፣ አንድ ቀን ምሕረት ይደረግላቸዋል» የሚለው ግምት ግን የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 28 ያላነበበ ሰው ግምት ነው። እንደ ዘር ማጥፋትና ማሰቃየት ላሉ በሰው ዘር ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች ይርጋ የለም፤ ሕግ አውጪውም ሆነ ሌላ የመንግሥት አካል በምሕረት ወይም በይቅርታ ሊያልፋቸው አይችልም። የቀረው ቀዳዳ ንዑስ አንቀጽ 2 ነው፤ ርዕሰ ብሔሩ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለውጠው ይችላል፣ ከዚያ በታች ግን አይወርድም።