አምባገነንነት በታሪካዊ ድራማ፦ ከጎጃም ታሪክ አንጻር

አምባገነንነትን የሚተርክ ታሪካዊ ድራማ ያለፈን የአገዛዝ ዘመን በመድረክ ወይም በፊልም አቅርቦ፣ ሥልጣን በማን እጅ እንደሚሠራና ተገዥው ምን እየከፈለ እንደሚኖር የሚያሳይ የተውኔት ዘርፍ ነው። በአማርኛ ቴአትር ይህ ዘርፍ ከግቢ መውጣት ይቸግረዋል፤ ዙፋን፣ ካባና ነጋሪት ካልታዩ ታሪክ የቀረበ አይመስለውም። ጎጃም ለጸሐፌ ተውኔት የምታቀርበው ታሪክ ግን በአመዛኙ የምስለኔ፣ የግብር ሰብሳቢና የመሬት ለኪ ታሪክ ስለሆነ፣ አምባገነኑን በአንድ ሰው ፊት ብቻ ለመሣል ያስቸግራል።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ የ1960 ዓ.ም. የገበሬዎች ዓመፅ ነው። በዚያው ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ የጎጃም ባላገር የምርት ግምቱን የመሬት ልኬት መግቢያ፣ ልኬቱን ደግሞ የርስት መነጠቂያ አድርጎ አየው፤ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞትም ገማች አላስገባም ብሎ መሣሪያ አነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ለመድረክ ከውጊያው ይልቅ የሚከብደው፣ ሹሙን በጠመንጃ የመለሰው ያው ሰው አቤቱታውን ለጃንሆይ ማድረሱ ነው። ጭቆናው የሹም፣ ፍትሑ የንጉሥ ሆኖ የታየበትን ይህን እምነት የዘለለ ደራሲ ገበሬውን የዘመናችን ፖለቲከኛ አድርጎ ያናግረዋል። አንድ ገመድ ብዙ ሊሠራ ይችላል፦ ሁለት ሰዎች ቀላዱን፣ የመሬት መለኪያውን ገመድ፣ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረው ሲያልፉ፣ መደብ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ጋቢውን ሰብስቦ እግሩን ሲያነሣላቸው፣ ማንም ንግግር ሳያደርግ አገዛዙ ቤት ገባ ማለት ነው።

የበላይ ዘለቀ ጉዳይ ሌላ ፈተና ነው። አባ ኮስትር የሚባለው ይህ አርበኛ በአምስቱ የጠላት ዘመን ጣሊያንን ተዋግቶ፣ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ታሪኩን በ1933 የሚያቆም ድራማ ጀግና ያገኛል፤ እስከ 1937 የሚዘልቀው ደግሞ መንግሥትን ያገኛል። በላይ ራሱ በያዘው አገር ሹም ይሾምና ማዕረግ ይሰጥ እንደነበር መደበቅም ተገቢ አይደለም፤ ሥልጣን በአርበኛ እጅም ቢሆን ሥልጣን ነው። የጎጃም ገዥ የነበሩት የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ሕይወት ከዚህም ይወሳሰባል። በ1924 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተሽረው፣ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር ያበሩት እኚህ ሰው፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ ንጉሡን እጅ ነሥተው ተቀብለዋል። ከዚህ የተሻለ የመጨረሻ ገቢር ማሰብ ይከብዳል።

ገዥን በሣቅ መሣል በአማርኛ የቆየ ስልት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ድርሰት ብልሹ አስተዳደርን በአውሬዎች አስመስሎ በማሳየቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ጎጃም ውስጥ በተቀመጠው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ ተጨማሪ መብል አንሰጥም ባሉ ባላገሮች ላይ ዘምተው ሲማረኩ፣ አንባቢው ይሥቃል፤ የሚሥቀው ግን ፊታውራሪው በራሳቸው ክብር ከልብ ስለሚያምኑ ነው። ልብ ወለዱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ብዙ መድረክ ያልደረሰበት ጆሮ ደርሷል።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን በአዋጅ ከወረሰ በኋላ፣ የቀድሞውን ጭቆና መተረክ የመንግሥት ሥራ ሆነ። የኪነት ቡድኖች በየቦታው ተቋቋሙ፤ ለጎጃም ግሽ ዓባይ ነበረላት። ጭሰኛው ሲገረፍ፣ ባላባቱ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ጡጫ ሲነሣ የሚያሳየው ትዕይንት ያለፈውን አምባገነን እያወገዘ የዘመኑን ያነግሥ ነበር። እርግጥ ጭሰኛው ተገርፏል። ሆኖም የጎጃም ገበሬ በአብዛኛው ባለርስት እንጂ ጭሰኛ ስላልነበረ፣ ከደቡብ ተወስዶ የለበሰው ይህ ታሪክ አልተለካለትም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ተራው የደርግ ነው፤ ካኪ ልብስ፣ የምርመራ ክፍል፣ «ይውደም!» የሚል ጩኸት ተለምደዋል። በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር ከከሳሽም ከተከሳሽም ጋር አንድ ማኅበር የሚጠጣ፣ ምናልባትም አበልጅ የሆነ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አስፈሪነቱም እዚያ ላይ ነው። ይህን በቅርብ የሚያሳይ ተዋናይ መጮኽ አያስፈልገውም።

አነጋገሩም ችላ ተብሏል። የጎጃም ባላገር ቃና ለሣቅ ማስጫሪያ እየዋለ፣ በቅኔ ቤቶቹ በዋሸራና በጎንጅ የተሳለው ነገርን የመሸፈን ልማድ ከገጸ ባሕርያቱ አፍ ይጠፋል። ሴቶችም ከአልቃሽነት እምብዛም አያልፉም፤ ይሁንና ሹሙ በተቀመጠበት ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ ሟቹን እያመሰገነች ገዳዩን መንካት ትችላለች፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማታል፣ ሹሙም አብሮ ያለቅሳል።