ኖርማላይዜሽን ምንድን ነው? አንድ ሺህ ከበደዎች አንድ ከበደ አይደሉም

ኖርማላይዜሽን በዳታቤዝ (በኮምፒውተር በሚያዝ የመረጃ መዝገብ) ውስጥ አንድ ጉዳይ አንድ ቦታ ብቻ እንዲጻፍ አድርጎ ሠንጠረዦችን ማደራጀት ነው። ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ባለሙያ የሠራውን ሠንጠረዥ ለአስተያየት አቀረበ። ቀላል የደንበኞች ዝርዝር ነው፤ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ከተማ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተቺ መጣና ፈረደ፦ «አዲስ አበባ የሚለው ስም መቶ ጊዜ ተደጋግሟል። ኖርማላይዝ አላደረግኸውም። ከተሞቹን ለብቻ አውጥተህ ቁጥር ስጣቸው።» ልጁ አመስግኖ አስተካከለ። አሁን «አዲስ አበባ» በነበረበት ቦታ ሁሉ 1 ተጽፏል፤ መቶ ጊዜ 1። ተቺውም ረካ።

ምን እንደቀነሰ ግን እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ለከተሞች የብቻቸው ሠንጠረዥ መሥራት ክፋት የለውም። አንዱ መዝጋቢ «አዲስ አበባ»፣ ሌላው «አ.አ»፣ ሦስተኛው «አዲስ አባባ» እያለ እንዳይሞላ ይከላከላል። ደግ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የአጻጻፍ ቁጥጥር ነው እንጂ ኖርማላይዜሽን አይደለም። የልጁ ሠንጠረዥ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። እያንዳንዱ ረድፍ «ይህ ደንበኛ የሚኖረው እዚህ ነው» ይላል፤ መቶ ደንበኞች ካሉ መቶ የተለያዩ ነገሮች ተነግረዋል።

የአባት ስምን እንውሰድ። በአንድ ትልቅ የሠራተኞች መዝገብ ውስጥ «ከበደ» የአባት ስም ሆኖ አንድ ሺህ ጊዜ ቢገኝ፣ አንድ ሺህ አባቶች ናቸው እንጂ አንድ አባት ሺህ ጊዜ አልተጻፈም። በተቺው ስሌት ከሄድን ከበደን አንድ ጊዜ መዝግበን የሁሉም አባት ልናደርገው ነው። ከከበደዎቹ አንዱ ስሙን በፍርድ ቤት ያስቀየረ ዕለት ሺህ ቤተሰብ ስሙ ይቀየራል።

እንግዲህ ኖርማላይዜሽን የሚያሳድደው ድግግሞሽ የቃል ድግግሞሽ አይደለም። አንድ ጉዳይ ሁለት ቦታ ተጽፎ፣ አንዱ ሲታረም ሌላው ሳይታረም ሊቀር የሚችልበትን ሁኔታ ነው የሚያሳድደው። በልጁ ሠንጠረዥ ከከተማው አጠገብ «ክልል» የሚል ዓምድ ቢኖር ኖሮ እኔም ከተቺው ጋር እጮህ ነበር። አዳማ ኦሮሚያ ውስጥ መሆኗ የአዳማ ጉዳይ ነው፤ በእያንዳንዱ የአዳማ ደንበኛ ረድፍ ላይ እንደ አዲስ የሚነገርበት ምክንያት የለም። አንድ ቀን አንዱ ረድፍ ላይ አዳማ አማራ ክልል ትገባለች፤ ሠንጠረዡም ሁለቱንም አሜን ብሎ ይቀበላል። (በነገራችን ላይ «ከተማ ክልልን ይወስናል»፣ ማለትም ከተማው ከታወቀ ክልሉም ይታወቃል የሚለው የሚሠራው ሁለት ክልል ውስጥ አንድ ስም ያላቸው ከተሞች ከሌሉ ነው። ምን ምንን እንደሚወስን የሚታወቀው የነገሩን ትርጉም በመጠየቅ ነው እንጂ የተሞላውን መረጃ አፍጥጦ በማየት አይደለም።)

እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆንሁ ከዚህ ወዲያ የማውቀው ምሳሌ የለም። የዕቃ መዝገባችን ድሮ እንዲህ ነበር፦ ቀን፣ የወጣው ዕቃ፣ ብዛት፣ የወሰደው ሰው ስም፣ ስልኩ፣ የቤት ቁጥሩ። ስልክና የቤት ቁጥር በአባላት መዝገብም አለ። አንዲት እናት ስልካቸውን ቀየሩና የአባላት መዝገብ ላይ አረምን። ድንኳኑ ግን እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ለቅሶ ተነሥቶ ድንኳን ሲፈለግ ዕቃ ያዡ በራሱ መዝገብ ያለውን አሮጌ ስልክ እየደወለ አረፈደ። ሁለት መዝገብ፣ ሁለት ስልክ፣ ሁለቱም በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ።

ይህ አንዱ ሕመም ነው። ሁለተኛው፣ ተከራይተው የገቡ ሰው የቤት ቁጥራቸው የተጻፈው ዕቃ መዝገብ ላይ ብቻ ነበር፤ ድስቱን መልሰው መስመሩ ሲሰረዝ አድራሻቸውም አብሮ ተሰረዘ። ሦስተኛው የተገላቢጦሹ ነው፤ ምንም ዕቃ ያልወሰደ አዲስ አባል አድራሻው የሚጻፍበት መስመር አላገኘም። መድኃኒቱ አጭር ነው፤ ዕቃ መዝገቡ የአባሉን ቁጥር ብቻ ይያዝ፣ ስልኩና ቤቱ የአባላት መዝገብ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፉ። የአባል ቁጥሩ ዕቃ መዝገቡ ላይ ሃምሳ ጊዜ መመላለሱ ማንንም አያሳስብ፤ የማገናኛ ሥራው ነው።

አሁን ደግሞ ተቺዎች በተቃራኒው የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። የእድሩን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ያስገባልን ወጣት ወርሃዊ መዋጮው በሁሉም ረድፍ 50 ብር መሆኑን አየና ቁጥሩን ከክፍያ ሠንጠረዡ አውጥቶ አንድ ቦታ አኖረው። ንጹሕ ሥራ መሰለው። ጠቅላላ ጉባኤው መዋጮውን 100 ብር ሲያደርግ ያችን አንድ ቁጥር ቀየርናት፤ በማግስቱ የታተመው ሪፖርት ላለፉት ዓመታት በሙሉ እያንዳንዱ አባል በየወሩ 100 ብር እንደከፈለ ይናገራል። ገንዘብ ያዣችን ላብ አጠመቃቸው። «መዋጮው ስንት ነው» እና «ይህ አባል በዚያ ወር ስንት ከፈለ» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸው ለጊዜው አንድ ዓይነት ስለሆነ አንድ አይሆኑም። ደረሰኝ ላይ የሚጻፍ የዕቃ ዋጋም እንደዚሁ ነው፤ ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር ቢመሳሰልም የሽያጩ ዕለት ታሪክ ነው።

«ዲስክ ርካሽ ሆኗል፤ ኖርማላይዜሽን ጊዜው አልፏል» የሚል ሌላ ወገን አለ፤ ዓላማው ቦታ መቆጠብ ይመስለዋል። ሐሳቡን ያመነጨው ኤድጋር ኮድ የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ተመራማሪ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1970 ያሳተመው ጽሑፍ ሁለተኛው ክፍል ስለ ድግግሞሽና መረጃው እርስ በርሱ ስለ መስማማቱ ነው። ዲስክ ቢረክስ የእናቲቱ ሁለት ስልኮች አይታረቁም። ኖርማላይዜሽን ደረጃ በደረጃ እየጠበቀ የሚሄድ ነው፤ ኮድ በኋላ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ ጨመረ፤ በ1974 ከሬይሞንድ ቦይስ ጋር አንድ ጥብቅ ደረጃ፣ በ1977 ደግሞ ሮናልድ ፋጊን አራተኛውን። ለአብዛኛው የዕለት ሥራ ሦስተኛው ይበቃል፤ ባጭሩ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ስለ ረድፉ ባለቤት ይናገር እንጂ በሌላ ተራ ዓምድ የሚወሰን አይሁን ማለት ነው።

የእኛ አገር ሠንጠረዦች ሦስተኛውን ደረጃ የሚጥሱበት ዋና ቦታ ግን ማንም የማይጠረጥረው ነው፤ የልደት ቀን። አንድ ዓምድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ አንድ ዓምድ በፈረንጆች፣ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ዓምድ ዕድሜ። አንዱን ቀን ካወቁ ሌላው በስሌት ይወጣል፤ ዕድሜ ደግሞ ተጽፎ ሳያልቅ ማርጀት ይጀምራል። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ዋለ፤ ከእሱ በፊት የነበረው 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት። አዲስ ዓመት ዘወትር ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የሚያምን ፕሮግራም በዚያ ሰሞን የተወለደን ሕፃን አንድ ቀን ያዛንፋል። ከዚያ አንዱ ሠራተኛ አንዱን ዓምድ በእጁ ያርማል፣ ሌላው ይረሳል። ሁለት ምስክሮች ቆመዋል፤ ማን እንደዋሸ የሚለይ ዳኛ የለም። አንዱን ያኑሩ፤ ሌላውን ሲፈለግ ያስሉት።

ቃሉንም አናደባልቅ። ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ ፊደል የሚሰበስቡት የቋንቋ ባለሙያዎች፣ ቁጥሮችን በ0 እና በ1 መካከል የሚጨምቁት የስታቲስቲክስ ሰዎችም ሥራቸውን ኖርማላይዜሽን ይሉታል። ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ሆን ብሎ መድገምስ? ይቻላል። ሪፖርት የሚያፈጥኑ ሰዎች ድምርን አስልተው ያኖራሉ፤ እኔም አደርጋለሁ። ልዩነቱ የትኛው ዋናው፣ የትኛው ቅጂው እንደሆነ አስቀድሞ መታወቁ፣ ቅጂውን የሚያድሰውም ወገን መኖሩ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር በየገጹ ግርጌ የገንዘቡ ድምር እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። እጽፍላቸዋለሁ። ክፍያዎቹን በብዕር፣ ድምሩን በእርሳስ።